በፌስታል ውስጥ የተቀረጸው ድምፅ

ነሐሴ 19 ቀን፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ከ26 ደቂቃ፣ ጨንቻ። በድምፅ መቅረጫዬ ላይ አንዲት ልጅ «ውሃ» ስትል ተቀርጿል። ልጅቷ ማን እንደሆነች ግን አላወቅሁም።

ይህ የሆነው ባለፈው ክረምት ነው። አርባ ምንጭ ውስጥ በሬዲዮ ዘጋቢነት አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ። ድምፅ ሰምቶ የማን እንደሆነ መለየት የሥራዬ ክፍል ነው። ስልክ አንስተው ገና ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ የማውቃቸው ባለሥልጣናት አሉ። የዚያን ቀን የሰማሁት ድምፅ ግን የገዛ ልጄ ይሁን የሌላ ሰው ልጅ መለየት አቃተኝ። ነገሩ ከአእምሮዬ አልወጣ ያለው ለዚህ ነው።

ከመነሻው ልናገር። ልጄ ቤዛ አምስት ዓመቷ ነው። ጆሮዋ ሁለት ጊዜ ተመርምሮ ደህና ነው ተብሏል። የሚነገራትን ትረዳለች፤ የግራ እግር ጫማሽን ብቻ አምጪ ቢሏት የግራውን ብቻ ታመጣለች። ቃል ግን አታወጣም ነበር። የምትፈልገውን በጣቷ ትጠቁማለች፣ ወይም እጃችንን ይዛ ትወስደናለች።

ካለፈው ጥር ጀምሮ ሴቻ በሚባለው የአርባ ምንጭ ሰፈር ወደምትገኝ አንዲት የንግግር ሕክምና ባለሙያ በሳምንት ሁለት ቀን እናመላልሳት ነበር። ባለሙያዋን ሕይወት ብዬ ልጥራት። በሰኔ መጨረሻ ቤዛ በሕይወት ክፍል ውስጥ ሁለት ቃል ማለት ጀምራ ነበር፦ «እንቢ» እና «ና»። እኔ ውጭ ስለምጠብቅ አልሰማሁም። ከዚያ ክፍል ውጭም ማንም ሰምቷት አያውቅም።

በዚህ መሀል ክረምት ገባ። ሕይወት ለክረምት ትምህርት ወደ ዩኒቨርሲቲ መሄዷ ነበርና ሕክምናው ለሁለት ወር ሊቋረጥ ሆነ። ከመሄዷ በፊት ጠርታን፣ ልጅቷ ሁለት ወር ሙሉ ካልተለማመደች የተገኘውም እንደሚጠፋ ነገረችን። ሥዕል ያለባቸው ሃያ ካርዶችና አንድ ደብተር ሰጠችን። ልምምዱ በየቀኑ አሥራ አምስት ደቂቃ ነው። ካርዱን ማሳየት፣ ቃሉን አንድ ጊዜ መናገር፣ ከዚያ በልብ እስከ አሥር እየቆጠሩ መጠበቅ። «በይ እስቲ» ብሎ መጎትጎት የለም። ያለችውን ቃል ደብተሩ ላይ መጻፍ፤ ምንም ካላለች ዜሮ።

ደብተሩ ዋጋ ነበረው። ሰፈራችን ያለው አፀደ ሕፃናት ቤዛን ባለፈው ዓመት አልቀበልም ብሏል። ዘንድሮ ከባለሙያ ደብዳቤ ካመጣን እንደሚያያት ቃል ገብቶልናል። ሕይወት ጳጉሜን 2 ትመለሳለች፤ ደብዳቤውን የምትጽፈው የክረምቱን ደብተር አይታ ነው። ደብተሩ ባዶ ከሆነ ቤዛ አንድ ዓመት ደግማ ቤት ትቀመጣለች።

ልምምዱን እኔ ያዝኩ። ባለቤቴ አስቴር «አንተ ሰዓት አታዛንፍም» ብላ ነው የሰጠችኝ። እውነት ነው፣ አላዛነፍኩም። በራሴ የጨመርኩት አንድ ነገር ብቻ አለ፦ መቅረጫ። ሕይወት ቅረጽ አላለችኝም። ነገር ግን የሰው ትዝታ ይሳሳታል፣ ቅጂ አይሳሳትም ብዬ አምናለሁ። በየጠዋቱ መቅረጫውን ቤዛ ፊት አስቀምጣለሁ፤ ቀይዋ መብራት ስትበራ ቀኑንና ሰዓቱን እናገራለሁ፤ ከዚያ የመጀመሪያውን ካርድ አነሳለሁ።

ሐምሌ በሙሉ አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር በሚገኘው ቤታችን አለፈ። ሠላሳ ቀን፣ ሠላሳ ዜሮ።

በነሐሴ መጀመሪያ እንደ ልማዳችን ወደ ጨንቻ ወጣን። እማማ የምንላቸው የአስቴር እናት ቤት እዚያ ነው። ከእሳቸው ጋር የአስቴር ታላቅ ወንድም ጋሽ ታደሰና የሰባት ዓመት ልጁ ሰላም ይኖራሉ። ጋሽ ታደሰ ሸማኔ ነው፤ የሽመና ዕቃው የተተከለው በረንዳው ላይ ነው። እኔ ዜናዬን በስልክ እልካለሁ፤ ሰኞ ሰኞ ወደ አርባ ምንጭ እወርዳለሁ፤ ከመውረዴ በፊት ግን ልምምዱን እጨርሳለሁ።

እዚያ በደረስን በሳምንቱ አማቴ ቤዛ ተናገረች አሉ። ማሳ ሄጄ ስመለስ፣ ልጅቷ «ውሃ» እንዳለች በደስታ ነገሩኝ። ደብተሩን አውጥቼ በስንት ሰዓት እንደሆነ ጠየቅኋቸው።

«ሲጠማት ነዋ» አሉ።

ሌላ የሰማ ሰው እንዳለ ጠየቅሁ። እማማ የያዙትን ቅርጫት አስቀመጡ።

«ልጄ፣ ዱቡሻ ነው እንዴ ያቆምከኝ?»

ዱቡሻ የጋሞ ሽማግሌዎች ተቀምጠው የተጣላ ሰው ነገር የሚያዩበት ሜዳ ነው። ይቅርታ ጠየቅኋቸው። ደብተሩ ላይ ግን አልጻፍኩትም።

ከዚያ በኋላ ወሬው በዛ። ጋሽ ታደሰ ድሩን ሲያስተካክል ከኋላው «ና» የሚል ድምፅ እንደሰማ ተናገረ፤ ዞር ሲል ቤዛ ብቻ ነበረች። ሰላም ደግሞ ቤዛ ከድመቷ ጋር እንደምታወራ ነገረችን። እኔ በየጠዋቱ ፊቷ ተቀምጬ ካርድ ሳነሳ ግን ልጅቷ ከንፈሯን ገጥማ መቅረጫውን ታያለች። አስቴር ሰዎቹ የሰሙትም ደብተሩ ላይ ይጻፍ አለች። እኔ ያልሰማሁትን እንደማልጽፍ ነገርኳት።

«እናቴ ትዋሻለች ማለትህ ነው?»

«አላልኩም። አልሰማሁም ነው ያልኩት።»

«በዚህ ቤት ያንተ ብቻ ነው ጆሮ?»

ዜሮዎቹ አርባ ስምንት ደርሰዋል።

ነሐሴ 19 ጠዋት ጉሙ እስከ በረንዳው ገብቶ ነበር። ከዚያ በፊት በነበረው ቀን መቅረጫው እርጥበት አግኝቶት ሲያንገራግር ስለዋለ፣ ጋሽ ታደሰ ክሩን የሚያስቀምጥበትን ጥቁር ፌስታል ሰጠኝና ጠቀለልኩት። መሥራቱን ያረጋገጥኩት ከመጠቅለሌ በፊት ነው። እንደ ሁልጊዜው ቀኑንና ሰዓቱን ተናገርኩ፤ 3 ሰዓት ከ20። ሦስት ካርድ አሳየሁ። ቤዛ ዝም አለች።

3 ሰዓት ከ24 ላይ ስልኬ ጠራ። አርታኢዬ ነበር፤ ዝናቡ ወደ አርባ ምንጭ የሚወርደውን መንገድ መዝጋት አለመዝጋቱን ማጣራት ፈልጓል። ኔትወርክ ያለው ቀርከሃው አጥር ጥግ ብቻ ነው። ካርዶቹን እንደተቀመጡ ትቼ ወጣሁ። ስልኩ ላይ የቆየሁት ሰባት ደቂቃ መሆኑን የጥሪው መዝገብ ያሳያል።

ስመለስ ቤዛ እዚያው ተቀምጣለች። ካርዶቹ ተበትነዋል። ሰላም ወደ ውስጠኛው ክፍል በሚያስገባው በር ላይ ቆማለች። የቀረውን ጊዜ ጨረስኩ፤ አርባ ዘጠነኛውን ዜሮ ጻፍኩ።

ቅጂውን ያዳመጥኩት ከሁለት ሰዓት በኋላ ነው። በስድስተኛው ደቂቃ ላይ «ውሃ» ይላል። ትንሽ ቆይቶ «ድመት»። ከዚያ ሳቅ አለ። ከሳቁ በኋላ «በር»። ሦስቱም ከካርዶቹ ውስጥ ያሉ ቃላት ናቸው።

ደጋግሜ አዳመጥኩት። ፌስታሉ ይንኮሻኮሻል፤ ከሥሩ የጋሽ ታደሰ ሽመና ይመታል፤ ከላይ ቆርቆሮው ላይ ዝናብ ይወርዳል። ድምፁ ቀጭን ነው። የሴት ልጅ ነው። ከዚህ በላይ ማለት አልቻልኩም። የሰላምን ድምፅ አውቀዋለሁ ብዬ አስብ ነበር፤ ለካ የማውቀው ጋሞኛ ስታወራ ነው። የቤዛን ድምፅ ደግሞ ከነጭራሹ አላውቀውም። ይህን ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው፤ አምስት ዓመት ያሳደግኳት ልጅ ድምፅ ቢመጣ የማመሳክርበት የለኝም።

ስለዚህ የማውቀውን ሥራ ሠራሁ። በዚያ ሰዓት ማን የት እንደነበረ ማጣራት ጀመርኩ።

ጋሽ ታደሰ ሰላም እስከ ዝናቡ መበርታት ድረስ አጠገቡ ክር ታጠነጥን እንደነበር ነገረኝ። እማማ ደግሞ ሰላም ከእሳቸው ጋር ጓሮ ጎመን ትቀነጥስ ነበር አሉ። ሁለቱም እርግጠኛ ናቸው። ሁለቱም እውነት ሊሆኑ አይችሉም። ከሁለቱ አንዱም ሰላምን እኔ ባየኋት በር ላይ አያደርሳትም።

ሰላምን ራሷን ጠየቅኋት። «ውሃ» ያልሽው አንቺ ነሽ? አዎ አለች። ቤዛስ ብላለች? አዎ አለች። ማን ቀደመ? አባቷን አየች። ልጅን መልስ የሚመራ ጥያቄ መጠየቅ እንደማይገባ አውቃለሁ፤ ግን ጠይቄ አበላሸሁት።

ጋሽ ታደሰ እጁን ከሥራው ሳያነሳ «ቤዛን ምን ትጠይቃታለህ» አለኝ። «የጋዜጠኛ ልጅ ናት፤ ምንጭ አትገልጽም።»

አስቴር ገበያ ሄዳ ነበር። ስትመለስ ዘንቢሏን እንደያዘች ቅጂውን አሰማኋት። ዓይኗን ጨፍና ሰማችና «ቤዛ ናት» አለች። እንዴት እንዳወቀች ጠየቅኋት። «አላውቅም። ናት» አለች።

እማማን ጠራሁ። ቤዛ ትናገራለች ብለው የመጀመሪያውን ምስክርነት የሰጡት እሳቸው ናቸው። ሰሙና ራሳቸውን ነቀነቁ። «ይቺስ ሰላም ናት። የቤዛ ድምፅ ወፈር ይላል።»

ቤዛ ትናገራለች የሚሉት ሁለቱ ሰዎች እንኳ በዚህ ድምፅ አልተስማሙም።

በመጨረሻ ቅጂውን ለቤዛ ለማሰማት ወሰንኩ። ጠራኋት፤ መጣች። ሰላም ተከትላት እያወራች ገባች። መቅረጫውን ከፌስታሉ አወጣሁ። ገና ምንም ሳልነካው ቤዛ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች። ከዚያ ዞራ ለሰላምም ጣቷን አሳየቻት። ሰላም ወሬዋን አቋረጠች።

እኔ ጨዋታ መሰለኝ። አስቴር ግን ዘንቢሏን መሬት አስቀመጠች።

«ይህን ማን እንዳስተማራት ታውቃለህ?»

አላውቅም አልኳት። ቀስ ብላ ነገረችኝ። ሲቀላ ባለው ቤታችን ጠዋት ጠዋት ዜና የምቀርጸው ሳሎኑ ውስጥ ነው። መስኮቱን በብርድ ልብስ ሸፍኜ እቀመጣለሁ። ቀይዋ መብራት ስትበራ ጣቴን ከንፈሬ ላይ አደርጋለሁ፤ ቤቱ ጸጥ ይላል። ቤዛ ጨቅላ ሳለች ካለቀሰች ይዘዋት ይወጡ ነበር። መዳህ ስትጀምር መብራቷን ስታይ ባለችበት ትቆማለች። ዘመዶቻችን ያዩና ጨዋ ልጅ ናት እያሉ ያመሰግኗት ነበር። እኔም እኮራ ነበር።

«ሃምሳ ቀን ሊሞላህ ነው» አለች አስቴር፤ «ዝም በይ የሚለውን ዕቃ ፊቷ አስቀምጠህ ተናገሪ ትላታለህ። መብራቱን በፌስታል የሸፈንከው ዛሬ ብቻ ነው።»

አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይቀለኝ ነበር። ይህ ግምት እንጂ የተረጋገጠ ነገር እንዳልሆነ ነገርኳት። «ልክ ነህ» ብላ ዘንቢሏን አንስታ ወጣች።

በማግስቱ ለሕይወት ደወልኩላት። የሆነውን በቅደም ተከተል ነገርኳት። ሰማችኝና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀችኝ፦ መቅረጫው ሁልጊዜ ፊት ለፊቷ ነበር ወይ? አዎ አልኳት። ለጊዜው ምንም እንዳልደመድም፣ ልምምዱን ያለ መቅረጫ እንድቀጥል ነገረችኝ።

ቀጠልኩ። አራት ቀን ያለ መቅረጫ ተቀመጥኩ። ዜሮ። በአምስተኛው ቀን እንደዚያ ጠዋት በፌስታል ጠቅልዬ አስቀመጥኩት። ዜሮ። ከፊተኛው ይበልጥ ግራ ገባኝ። አስቴር ልክ ከሆነች ልጅቷ አሁን ለምን ዝም አለች? ልክ ካልሆነች ጣቷን ለምን ከንፈሯ ላይ አደረገች?

ይህን ለእማማ ነገርኳቸው። እሳቸው ነገሩ ምንም አላስጨነቃቸውም።

«አሁንማ መብራቱ አንተ ራስህ ሆነሃል» አሉ። «ተነሥና ውጣላት።»

ነሐሴ 25 ካርዶቹን ለአስቴር ሰጠሁ። ልምምዱ ሲጀመር ወጥቼ ቀርከሃው አጥር ሥር እቆማለሁ፤ አሥራ አምስት ደቂቃ ሲሞላ እመለሳለሁ። በሁለተኛው ቀን አስቴር ደብተሩ ላይ «ውሃ» ብላ ጻፈች። በማግስቱ «ና» እና «ድመት»። በእኔ ጥቁር እስክሪብቶ ከተጻፉት ዜሮዎች ሥር የእሷ ሰማያዊ ጽሕፈት መውረድ ጀመረ። እኔ አንዱንም አልሰማሁም። አጥር ሥር ሆኜ የምሰማው የጋሽ ታደሰን ሽመና ብቻ ነው።

ከጨንቻ ከመውረዳችን በፊት ደብተሩን ለማስረከብ አስተካከልኩት። አስቴር የነሐሴ 19ን ዜሮ ሰርዘህ ሦስቱን ቃላት ጻፍ አለችኝ። ለደብዳቤው እንደሚጠቅም እኔም አውቃለሁ። ሌሊቱን አስቤበት ማለዳ ይህን ጻፍኩ፦ «እስከ ነሐሴ 24 ያለው አባቷ የሰማው ነው። ከዚያ ወዲህ ያለው እናቷ የሰማችው ነው። በነሐሴ 19 ቅጂ ላይ ሦስት ቃላት አሉ፤ የማን ድምፅ እንደሆነ አልተረጋገጠም። ልምምዱ እስከ ነሐሴ 18 ሲካሄድ የመቅረጫው ቀይ መብራት በርቶ በልጅቷ ፊት ነበር።»

አስቴር አነበበችው። ደብተሩን ዘግታ ሻንጣ ውስጥ ከተተችው።

ጳጉሜን 2 ሴቻ ሄድን። ሕይወት ደብተሩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ገጽ በገጽ አየች። ቅጂውን ሁለት ጊዜ አዳመጠች። የቤዛ ነው ወይ ብዬ ጠየቅኋት። ቤዛን የምታውቃት ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ መሆኑን፣ በዝናብና በፌስታል ውስጥ ግን መማል እንደማትችል ነገረችኝ። ስለ መብራቱስ አልኳት። ምክንያት ሊሆን እንደሚችል፣ ምክንያቱ እሱ ብቻ ነው ብላ ግን እንደማትናገር መለሰች። ከዚያ ቤዛን ይዛ ገባች። እኛ በረንዳው ላይ ግማሽ ሰዓት ጠበቅን። አስቴር ጥፍሯን ትነክስ ነበር። እኔ ሰዓቴን አያለሁ።

ደብዳቤው አጭር ነበር። ቤዛ ለሦስት ወር በሙከራ እንድትገባ፣ ሕክምናዋም ጎን ለጎን እንዲቀጥል ይላል። አፀደ ሕፃናቱ ተቀበላት።

አሁንም ሳስበው ግራ ይገባኛል። አንድ ቅጂ ነው ያለው። አስቴር ቤዛ ናት አለች፣ እማማ ሰላም ናት አሉ፣ ባለሙያዋ አላውቅም አለች፣ ሰላም ሁለታችንም ነን አለች። የጻፍኳቸው ዜሮዎች ውሸት አይደሉም፤ በእነዚያ ደቂቃዎች ልጅቷ በእርግጥ አልተናገረችም። ሆኖም ዜሮዎቹ የማን እንደሆኑ፣ የእሷ ይሁኑ የእኔ፣ እስከ ዛሬ መለየት አልቻልኩም። ቅጂውን አልደመሰስኩትም። ስቀርጽ ጣቴን ማንሳት ትቻለሁ፤ አንዳንድ ጊዜ ግን እጄ ራሱ ሲነሣ አገኘዋለሁ።

መስከረም 9 ቀን፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ከ12 ደቂቃ፣ ሲቀላ። ሳሎን ውስጥ የጠዋት ዜና እየቀረጽኩ ነበር። ቀይዋ መብራት በርታለች። ቤዛ ዩኒፎርሟን ለብሳ፣ አንድ ጫማዋን አድርጋ ሌላውን ይዛ በሩ ላይ ቆመች። ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች። ማንበቤን አቆምኩ፤ መቅረጫውን አላጠፋሁትም። በልቤ መቁጠር ጀመርኩ። ስምንት ላይ ስደርስ ጣቷን አወረደችና «አባ፣ ና» አለች።

ቅጂው አለ። አስቴር ወጥታ ነበር፤ በቤቱ ውስጥ ከሁለታችን በቀር ሰው አልነበረም።